የወጥ ቤቱን ቢላዋ ማን ይሳለው?

በቤታችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ወጥ ቤት ቢላዋ ብዙ የሚሠራ፣ እንደ እርሱም የተናቀ የለም ብንል ከእውነት አንርቅም። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ጀበናው ታጥቦ በማቶቱ ላይ ይቀመጣል፤ ወንፊቱ ተራግፎ ይሰቀላል። ቢላዋው ግን ከማንኪያና ከጭልፋ ጋር በአንድ ሳፋ ውስጥ ይወረወራል፤ ቆርቆሮ ይከፈትበታል፤ ሚስማር ይነቀልበታል፤ የከሰል ማዳበሪያ የታሰረበት ገመድ ይበጠስበታል፤ ልጆች እርሳስ ይቀርጹበታል። ይህ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ ሽንኩርት አልቈርጥ ሲል «ምን ዐይነት ብረት ነው!» ተብሎ ይሰደባል። ጥፋቱ ግን የብረቱ አይደለም።

እኔ የማስተምርባት ኦጎልቾ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያዘቀዝቀው ሜዳ ላይ ያለች የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። የአርሲ ሰው ስለ ስለት አያውቅም ለማለት የሚደፍር አይገኝም፤ አገሩ የእህል አገር ነውና። በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሰላ ከተቋቋመው፣ ካዱ እየተባለ ይጠራ ከነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ወዲህ ደጋው ትራክተርና ኮምባይነር ቢለምድም፣ ኮምባይነር በማይገባበት ማሳ ላይ ዛሬም የሚሠራው ማጭድ ነው። (እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከወጡት የዳቦ ስንዴ ዘሮች አንዱ ስሙ «ኦጎልቾ» ነው፤ በዚህ ብንኰራ አይፈረድብንም።) ገበሬው ለአጨዳ ከመውጣቱ በፊት ማጭዱን በጣቱ ዳስሶ፣ የደነዘ እንደሆነ ሞርዶ ነው የሚወጣው። በደነዘ ማጭድ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ ምን ማለት እንደሆነ ወገቡ ያውቃልና።

የዕርድ ቢላዋም እንዲሁ ክብር አለው። በእስልምና ሃይማኖት የሚያርድ ሰው እንስሳው እንዳይሠቃይ ቢላዋውን አስቀድሞ እንዲስል፣ ሲስልም በእንስሳው ዐይን ፊት እንዳይሆን ታዝዟል። ክርስቲያኑም ለገናና ለፋሲካ በግ ጥሎ በደነዘ ቢላዋ መታገልን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። ቁርጥ ወዳድ የሆነ ሰው ደግሞ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ ከከንፈሩ አጠገብ የሚቈርጥበት ቢላዋ ምላጭ የመሰለ ካልሆነ ከገበታው አይቀርብም።

እንግዲህ ማጭዱ ይሞረዳል፤ የዕርዱ ቢላዋ ይሳላል፤ የቁርጡም ይሳላል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ጎመን የሚቀነጥሰው፣ ድንች የሚልጠው ቢላዋ ብቻ ተረሳ። ለምን?

በተከራየሁበት ግቢ ያሉትን እመቤት አንድ ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ አይቼ፣ «እትዬ፣ ይህ ቢላዋ መቼ ነው የተሳለው?» ብላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ለፋሲካ አባወራው ስለውት ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ ወሩ ነሐሴ ነበር። በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ ያሉትን የቈዩ ጠባሳዎች አሳዩኝና፣ «ይህ ሁሉ ሲሳል የቈረጠኝ እንዳይመስልህ፣ ልጄ፤ ሲደንዝ ነው» አሉ። «ታዲያ ለምን አይስሉትም?» አልኳቸው። «እኔ?» አሉና ሣቁ።

ያ ሣቅ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። በአገራችን ልማድ ማረድ የወንድ ነው። ባልዋ ከቤት የራቀ ሴት ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ የሚያልፈውን ወንድ «እባክህን እረድልኝ» ስትል ያላየ የለም። ልማዱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ልማዱ ለወንድ የሰጠው ማረድን ነው እንጂ መሳልን አይደለም። መሳል ከማረድ ጋር ተጐትቶ፣ ማንም ሳይወስን፣ የወንድ ሥራ ሆኖ ቀረ። አባወራው የሚስለው ሲያርድ ነው፤ የሚያርደው ለበዓል ነው፤ ስለዚህ የወጥ ቤቱ ቢላዋ የሚሳለው ለበዓል ነው ማለት ነው። በሁለት በዓላት መካከል ያለው ጊዜ የሚከፈለው በእመቤቲቱ ጣት ነው።

የደነዘ ቢላዋ ለምን ይቈርጣል?

ብዙ ሰዎች የደነዘ ቢላዋ ለእጅ አይሠጋም ብለው ያምናሉ። እንዲያውም ለልጅ ወይም ለአዲስ ሠራተኛ ሆን ብለው የደነዘውን የሚሰጡ አሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ግፊት ሳስተምር የማነሣው ምሳሌ ይኸው ቢላዋ ነው፤ አንድ ኀይል ባረፈበት ቦታ ስፋት ሲካፈል ግፊት ይሆናል። ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይበዛል። የደነዘው ቢላዋ ጠርዝ ከተሳለው ዐሥር እጥፍ የወፈረ ቢሆን፣ ያንኑ የሽንኩርት ቅርፊት ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኀይል ዐሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። እመቤቲቱ እጅዋን ታጠብቃለች፣ ትጫናለች። ሽንኩርቱ ክብና የሚያንሸራትት ነው፤ ስለቱ ቅርፊቱን መያዝ ሲያቅተው ወደ ጐን ያመልጣል፤ ያ ሁሉ ኀይል ከኋላው እየገፋው ጣት ላይ ያርፋል። የተሳለ ቢላዋ ግን ገና ሲነካ ይይዛል፤ እጅ አይጫነውም፤ የሚያመልጥበትም ምክንያት የለውም። ሽንኩርቱን በመክተፊያ ላይ ሳይሆን በመዳፍ ይዞ መክተፍ በለመደው በእኛ ቤት ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

ሌላም ዕዳ አለ፤ ዕንባ። ሽንኩርት ሲቈረጥ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ይፈነዱና የድኝ ዘር ያለበት ዐይን የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። የተሳለ ቢላዋ ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል፤ የደነዘው ይጨፈልቀዋል፤ ጭማቂውም ይፈናጠራል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በፈጣን ካሜራ ተከታትለው በ2025 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የደነዘ ቢላዋና የችኰላ አቈራረጥ ከሽንኩርቱ የሚረጨውን ጠብታ እንደሚያበዙት አሳይተዋል። ለአንድ የበዓል ዶሮ ወጥ የሚከተፈውን የሽንኩርት ብዛት የምታውቅ የኢትዮጵያ እመቤት ይህን ለማወቅ ካሜራ ባላስፈለጋት ነበር፤ ሆኖም መረጋገጡ መልካም ነው።

ከሐይቁ ማዶ

መሳል የወንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ከኦጎልቾ ሳይርቅ መልስ ያገኛል። ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ በምዕራብ በኩል ጋዴሞታ የሚባል ስፍራ አለ። ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ የተባሉ ሊቃውንት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እዚያ ቈፍረው ከባልጩት የተሠሩ እጅግ ብዙ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኙ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የዕድሜ ምርመራ ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከ276,000 ዓመት በላይ እንደሆናቸው አመለከተ። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው፤ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለው የአሉቶ ተራራ ከዚሁ ዐይነት ድንጋይ ብዙ አለው። በአዋሽ አካባቢ ያለው ባልጭት የተባለው መንደር ስያሜው ከዚሁ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአግባቡ የተሰበረ የባልጩት ጠርዝ ከብረት ምላጭ ይቀጥናል፤ የሚጐዳው ነገር ቢኖር ቶሎ መሸራረፉ ነው።

ታዲያ ይህን ጥበብ ዛሬ ድረስ ጠብቀው ካቈዩት አንደኛዎቹ የኮንሶ ሴቶች ናቸው። ቈዳ የሚፍቁበትን ድንጋይ ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ጠርበው፣ ሲደንዝም ራሳቸው ጠርዙን መልሰው ያወጡታል። ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ እነዚህ ሴቶች በሰፊው ጽፈዋል፤ የድንጋይ መሣሪያ ሠሪ ሁልጊዜ ወንድ ነበር ለሚለው ለብዙ ዘመን የኖረ ግምት የኮንሶ ሴቶች መልስ ሆነዋል። ድንጋይ የሚጠርብ የሴት እጅ ብረት መሳል ያቅተዋል የሚል ማን ነው?

ስለት ምንድን ነው?

ስለት ማለት ሁለት የብረት ገጾች የሚገናኙበት መሥመር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁለቱ ገጾች በቀጥታ ከተገናኙ ቢላዋው ስለታም ነው፤ መገናኛው ከተድበለበለ ደነዘ። በአፋን ኦሮሞ የደነዘ ነገር «ዶማ» ይባላል፤ ከሸዋ የመጣ ሰው ቢላዋው ዶማ ነው ሲሉት መቈፈሪያ ስጠን ያሉት ይመስለዋል። የሆነ ሆኖ የወጥ ቤት ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነዝዘው ብረቱ ስላለቀ አይደለም፤ ቀጭኑ ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ስለ ታጠፈ ነው። የልኳንዳ ሰዎች በየመካከሉ ቢላዋቸውን በብረት ዘንግ ላይ ሸርተት ሸርተት የሚያደርጉት ይህንኑ የታጠፈውን ለማቃናት ነው እንጂ ለመሳል አይደለም።

ጠርዙን የሚያጥፈው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የሚቈረጥበት ነገር ነው። በብረት ትሪ ላይ፣ በሸክላ ሳሕን ላይ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚቈርጥ ሰው በእያንዳንዱ ምት ስለቱን እየቀጠቀጠ ነው። የእንጨት መክተፊያ ርካሽ ነገር ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ሁለተኛው አጥንት ነው። ዶሮን ዐሥራ ሁለት ብልት የምታወጣ ባለሙያ መገጣጠሚያውን ፈልጋ ጅማቱን ትቈርጣለች እንጂ አጥንቱን አትሰብርም፤ ባልትናዋ ለቢላዋውም ደግ ነው። ሦስተኛው እሳት ነው። ፕላስቲክ ለመብሳት ወይም ለሌላ ጉዳይ ቢላዋን በከሰል ላይ አግሎ መጠቀም እጅግ የተለመደ ጥፋት ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ በመንከር የሰጠው ጥንካሬ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ርቆ ሲሄድ እየለቀቀ ይመጣል፤ ጠርዙ ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ያ ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይዝም።

ስለ ብረቱ ዐይነት ጥቂት ልበል። በገበያ የሚሸጡት የሚያብረቀርቁ ቢላዋዎች የማይዝግ ብረት ናቸው፤ ይህንን ብረት ሃሪ ብሬርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1913 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ከተማ ነው የሠራው። መልካሙ መልካም ነው፤ ርካሹ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይደነዝዛል። የአገራችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራው ቢላዋ መልኩ ጥቁርና ሻካራ ቢሆንም፣ ባሌስትራው ጥሩ የዐረብ ብረት ስለሆነ በደንብ የተነከረ እንደሆነ ስለቱን ብዙ ጊዜ ይዞ ይቈያል። የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይደረቅ፤ ብዙ የማይሠራበት ከሆነም ዘይት ይቀባ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው ይታወቃል፤ እኔ ግን ቀጥቃጭን የማከብረው በዐዋጅ ሳይሆን ቢላዋውን ስቈርጥበት ነው።

ድንጋዩን መምረጥ

ደጃፍ ላይ ያለውን ደረጃ ወይም የተገኘውን ድንጋይ አንሥቶ ቢላዋን መፈተግ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። ድንጋይ ሁሉ ግን አይስልም። ብረትን ሊፍቅ የሚችለው ከብረት የጠነከረ ነገር ነው። የዐረብ ብረት በድንጋይ ሊቃውንት የጥንካሬ መለኪያ እስከ 6 ተኩል ይደርሳል፤ አሸዋ የሚሠራበት ኳርትዝ 7 ነው። ስለዚህ ደቃቅ የአሸዋ ድንጋይ ጥሩ መሳያ ነው። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ጥንካሬው ከብረቱ ጋር ስለሚቀራረብ ይስላል፣ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቀዳዳ የበዛበት ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ይፈረካከሳል፤ ለተረከዝ መፈተጊያ ይሁን።

ከሱቅ የሚገዛው ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ከሁሉ ይሻላል። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩበት ካርቦራንደም የሚባለው ነገር፣ ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1891 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ እቶን ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማግኘት ሲጥር ያገኘው ነው፤ ጥንካሬው ከ9 ይበልጣል። በላዩ የተጻፈው ቍጥር ዝቅ ያለ ሲሆን ገጹ ሻካራ ነው፤ 400 ገደማ ለተጐዳ፣ 1000 ገደማ ለዘወትር ይሆናል። ይህን መግዛት የከበደው ሰው በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠውን ውሃ የሚችል ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቍጥሩ 400 እና 800 የሆነውን፣ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፎ ሊጠቀም ይችላል። እኔ ራሴ የምጠቀመው ይህን ነው። በወረቀቱ ላይ ሲሳል ግን የቢላዋው ጀርባ ይቅደም፤ ስለቱ ከቀደመ ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል።

አሁን ወደ ሥራው

ድንጋዩ ይራስ፤ እንዳይንሸራተትም ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ቢላዋው ምን ያህል ይዘንብል የሚለው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከልጆች ደብተር አንድ ወረቀት ይውሰዱ። የወረቀቱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑን አንድ ጊዜ እኩል ያጥፉት፤ 45 ሆነ። እንደገና ያጥፉት፤ 22 ተኩል ሆነ። ለወጥ ቤት ቢላዋ የሚፈለገው ከዚህ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ 20 ዲግሪ ያህል ነው። የታጠፈውን ወረቀት በድንጋዩ ላይ አቁመው ቢላዋውን ከአጠገቡ ቢያዘነብሉት ዐይንዎ ልኩን ይማራል። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ፣ የቢላዋው ወርድ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጀርባውን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት የትንሿን ጣት ውፍረት ያህል ያንሣው፤ 20 ዲግሪ ሆነለት ማለት ነው።

ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ስስ ልጣጭ እንደሚቈርጡ አድርገው ቢላዋውን ይግፉት፤ ከእጀታው አጠገብ ጀምሮ እስከ ጫፉ ስለቱ በሙሉ ድንጋዩን ይንካ። የሚያስፈልገው ጕልበት አይደለም፤ ማዘንበያው እንዳይለዋወጥ ነው። አንዴ ቀና፣ አንዴ ተኛ የሚል ቢላዋ መቶ ጊዜ ቢፈተግም ጠርዙ ይድበለበላል እንጂ አይሳልም። አባወራዎች በኀይል ሲፈትጉ እሳት የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ፤ ድምፁ ያምራል፤ ቢላዋው ግን እንዳለ ነው። (አባወራዎች ይቅር ይበሉኝ።)

ከዐሥርና ከሃያ ግፊት በኋላ አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ በስለቱ ርዝመት ሳይሆን ወደ ውጭ በዝግታ ይዳስሱ። ባልተሳለው ወገን ላይ ሸከር የሚል ቀጭን ነገር ከተሰማዎት ብረቱ ከወዲህ ተፍቆ ወደዚያ ተገለበጠ ማለት ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «ጢም» እለዋለሁ። ጢሙ ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይወጣ ወደ ሌላው ገጽ መዞር ከንቱ ድካም ነው። ብዙ ሰው ግን የወጣ መሆኑን ሳያይ ነው የሚያገላብጠው፤ ሁለቱ ገጾች ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጢሙ ሲወጣ ይገልብጡና በሁለተኛው ገጽ እንዲሁ ያድርጉ። በመጨረሻ እጅዎን እያቀለሉ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይሳሉት፤ ጢሙ እየሳሳ ይሄዳል። የቀረውን አሮጌ የቈዳ ቀበቶ ይጨርሰዋል። ቢላዋውን ጀርባውን አስቀድመው በቀበቶው የውስጥ ገጽ ላይ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ያንሸራትቱት፤ የድሮ ጠጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

መሳሉን ለመፈተን ጣትን ማቅረብ የጅል ሥራ ነው። ቲማቲም አምጥተው ቢላዋውን ሳይጫኑ በልጣጩ ላይ ይሳቡት፤ ከገባ ተስሏል፤ ከተንሸራተተ ወደ ድንጋዩ ይመለሱ። የግቢያችን እመቤት ይህን ሁሉ ለመማር የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ያለው ነበር፤ ሁለተኛውን ቢላዋ ብቻቸውን ሳሉት። የጐረቤታቸውን ደግሞ በማግሥቱ።

በየሳምንቱ ድንጋይ ማውጣት አያስፈልግም። የሻይ ስኒ ወይም የሾርባ ሳሕን ገልብጠው ቢያዩ፣ ከሥሩ ዙሪያውን መስተዋት መሰል ልባጥ ያልተቀባ ሻካራ ነጭ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ከብረት የጠነከረ ስለሆነ ደኅና ደቃቅ መሳያ ነው። በዚያው 20 ዲግሪ በቀስታ አምስት አምስት ጊዜ ቢያሳልፉበት የሰለቸው ቢላዋ ይነቃል። የቡና ስኒ ትንሽ ስለሆነ ከእጅ ያመልጣል፤ ሳሕኑ ይሻላል፤ ከዚያም በደንብ ይታጠብ። በእንዲህ ያለ አያያዝ ድንጋዩ በወር አንድ ጊዜ ቢወጣ ይበቃል።

በብየዳ ቤት በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው ድንጋይ ቀልጣፋ ቢመስልም አልመክረውም። የሚበነው ፍንጣሪ የቢላዋው ብረት ነው፤ ቀጭኑ ጠርዝም በቅጽበት ግሎ ጥንካሬውን ይለቃል። በአንድ ዓመት የሚያልቀውን ብረት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሞረድም ለማጭድና ለመጥረቢያ እንጂ ለወጥ ቤት ቢላዋ ሻካራ ነው፤ የመጋዝ ጥርስ ያለውን የዳቦ ቢላዋ ደግሞ በጠፍጣፋ ድንጋይ ለመሳል መሞከር ጥርሱን ማርገፍ ነው።

የተሳለው ቢላዋ ከማንኪያ ጋር ወደ ሳፋው አይመለስ። በሳሙና ውሃ ውስጥ ተደብቆ የእጅ አጣቢዋን ጣት ይጠብቃል፤ ከብረት ጋር ሲጋጭም ስለቱ ይታጠፋል። ለብቻው ይታጠብ፤ ይደረቅ፤ ከካርቶን በስለቱ ልክ አፎት ይሠራለትና በክር ይሰፋ፤ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ እጀታው ወደ ውጭ ሆኖ ይቀመጥ። እርሳስ መቅረጫውንም ለልጆቹ ለብቻው ይግዙላቸው።